ጋሼ ሰንጠረዥ እና አረንጓዴው ክፍል

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ውሃ ለመጠጣት ዕቅድ፣ ጥሙን ለመቁረጥ የአፈጻጸም ሪፖርት፣ ብርጭቆውን ወደ ቦታው ለመመለስ ደግሞ ቃለ ጉባኤ የሚያስፈልገው ሰው። እንዲህ ያለው ሰው ቤት ሲቃጠል ቢያይ ወደ ባልዲው አይሮጥም፤ ወደ ማስመሪያው ነው የሚሮጠው። እሳቱን በቀይ፣ ውሃውን በሰማያዊ፣ ጎረቤቱን በቢጫ ለይቶ ካሰፈረ በኋላ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ «እንግዲህ አሁን መጮኽ ይቻላል» ይላል። መጮኹም የራሱ ረድፍ አለው።

የዚህ ወገን አለቃ፣ የመስመርና የሣጥን ሊቅ፣ የባለ ቀለም እርሳስ ባላባት፣ ክቡር ጋሼ ሰንጠረዥ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ታናሽ ወንድማቸው ሹፌሩ ነው። ሲያወጣው ለማብሸቅ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። ዕድሜያቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ክፍል አሳልፈው ጡረታ ሲወጡ፣ ባልደረቦቻቸው ምን ስጦታ እንደሚፈልጉ ቢጠይቋቸው «ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ሰሌዳ» አሉ ይባላል። መሥሪያ ቤቱም ሳያንገራግር ሰጣቸው። እንዲያውም የሚሸከም ሰው ጨምሮ ነው የላከላቸው።

በዓለም ላይ እኚህን ሰው ከሁሉ አብልጣ የምታውቃቸው፣ በዚያው ልክም ከሁሉ አብልጣ የምትማረርባቸው፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ልብስ ሰፊዋ ናት። የምትኖረው ከእናታቸው ጋር ነው፤ እናት ፎቅ ላይ ይተኛሉ፣ እሷ ምድር ቤት ካለው ሰፊ ክፍል ውስጥ መኪናዋን ዘርግታ ስትሰፋ ትውላለች። ጋሼ ሰንጠረዥ በሄዱ በመጡ ቁጥር ይህን ክፍል ሥርዓት ሊያስይዙት ይሞክራሉ። አንድ ጊዜ የተነቀለ ቁልፍ እንዴት እንደሚተከል የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ሠርተው አመጡላት። ከላይ «ቁልፉ ጠፍቷል?» የሚል ሣጥን አለ። ከሣጥኑ አንዱ ቀስት ወደ «አዎ»፣ ሌላው ወደ «አይደለም» ይወርዳል። «አዎ» ያለ ሰው «ተፈልጓል?» ወደሚል ሌላ ሣጥን ይሄዳል። እንዲህ እያለ ቀስቱ ሲዞር ሲዞር ቆይቶ ከወረቀቱ ግርጌ ላይ ወደ መርፌና ክር ይደርሳል።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው የሸሚዝ ኮሌታ ቆረጠችበት።

«ሰነድ ነው እኮ!» አሉ ጋሼ፣ ቀስቶቹ ተቆራርጠው ሲያዩ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ይኸው ጥቅም ላይ ዋለ።»

የሽርሽሩ ነገርማ እስካሁን ሲነሳ ቤተሰቡን ያስቃል። ቤተሰቡ እንዲሁ አንድ እሑድ ሐይቅ ዳር ሄደን አየር እንቀበል ቢባባል፣ ጋሼ ሰንጠረዥ የጉዞውን ዓላማ፣ ዝርዝር ተግባራት፣ የሚጠበቅ ውጤትና ሊያጋጥሙ የሚችሉ ሥጋቶችን አዘጋጅተው መጡ። «የሚጠበቅ ውጤት፦ መደሰት» ይላል። ሣሩ ላይ ተቀምጠው ገና ሰነዱን አንብበው ሳይጨርሱ ሰማይ ተቀደደ። ሁሉም ሲራወጥ፣ ሕፃናት ሲያለቅሱ፣ ዳቦው ሲርስ፣ እሳቸው ውሃ በሚንጠባጠብበት ፊታቸው ላይ ትልቅ እርካታ እየታየ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ተመልከቱ! ዝናብ፤ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ በሥጋትነት ተመዝግቧል!»

«ጃንጥላውስ ጋሼ?» አለ ሹፌሩ።

«ጃንጥላ የግዥ ጉዳይ ነው።»

«ግዥው የማን ነበር?»

ጋሼ ሰንጠረዥ ወረቀቱን ተመለከቱ። የራሳቸው ነበር። «በሰነድ ይያዝልኝ» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጃንጥላ ያነሳ የለም።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መሳቅ ይቻላል፤ ነገሩ የሳቅ እስከሆነ ድረስ። አንድ ቀን ጠዋት ግን እናታቸው ከፎቅ ሲወርዱ እግራቸው ደረጃው ላይ አዳለጣቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ተወስደው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ጎበዝ ናቸውና ዳኑ። ሐኪማቸው ግን ልጆቹን ሰብስባ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ምድር ላይ ያለ ክፍል፣ መታጠቢያና መጸዳጃው እዚያው ውስጡ፣ ግድግዳው ላይ የሚደገፉበት ብረት። ይህ ካልተዘጋጀ ወደ ቤት አልለቃቸውም። ከከተማ ውጪ ወዳለው ማገገሚያ ነው የምልካቸው።»

እናት ከአልጋቸው ሆነው ሰምተዋል። የልብስ ሰፊዋን እጅ ያዝ አደረጉና፣ «ማገገሚያ ምናምን የምትሉትን አላውቅም» አሉ በቀስታ። «እኔ የማውቀው ቤቴን ነው። እባካችሁ ልጆቼ፣ ቤቴ አስገቡኝ።»

ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። የልብስ ሰፊዋ የሥራ ክፍል የእናት መኝታ ይሆናል፣ ጥጉ ላይ ያለችው ዕቃ ማስቀመጫ ፈርሳ መታጠቢያ ትሠራለች፣ ያ ካለቀ እናት ይገባሉ፣ ካላለቀ አይገቡም። ለዚህ አንድ ግንበኛ፣ አንድ ቧንቧ ሠራተኛና ትንሽ ቅልጥፍና ይበቃው ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ሰንጠረዥ የተጠቀለለ ትልቅ ካርቶን እንደ መድፍ በትከሻቸው ተሸክመው ደረሱ።

ካርቶኑን ከክፍሉ በር ውጪ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ በልብስ ሰፊዋ ስፒሎች ወጠሩት። ስፒሎቹን ከመርፌ ትራሷ ላይ አንድ በአንድ ሲነቅሉ እያየች ጥርሷን ነከሰች። ሰንጠረዡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያምር ነበር። ወደ ታች ሥራዎቹ፣ ወደ ጎን «በማን»፣ «መቼ»፣ «በምን»። ከጎናቸው ትንንሽ ነጭ ሣጥኖች። ከካርቶኑ ጥግ አጠገብ ደግሞ ሦስት ባለ ቀለም እርሳሶች ከምስማር ላይ በክር ተንጠልጥለዋል። የተጀመረ ሥራ ቢጫ ይቀባል፣ የዘገየ ቀይ፣ ያለቀ አረንጓዴ።

«እንግዲህ፣» አሉ ጋሼ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በሰንጠረዡ ላይ የሌለ ሥራ፣ ሥራ አይደለም። አንደኛ ረድፍ፦ ግድግዳ ማፍረስ። ባለቤቱ ማነው?»

ግንበኛው ነገር የማያልቅበት ሰው ነው። እጁ ላይ ያለውን መዶሻ አየ፣ ቧንቧ ሠራተኛውን አየ፣ ተመልሶ መዶሻውን አየ። «መዶሻው እኔ እጅ ላይ ነው ጋሼ፤ ማን ይሁን ብለው ነው?»

«በቃል አይሆንም። በሰነድ ይያዝልኝ።»

ተያዘ። ሁለተኛው ረድፍ የፍሳሽ መስመር ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛው። ሴራሚክና መደገፊያ ብረት መግዛት፤ ሹፌሩ። ዕቃ ማስወጣት፤ ልብስ ሰፊዋ። እያለ ሄዶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ «ክትትል» ይላል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግንበኛው ለጓደኞቹ ሲያወራ «እኔ ኮ ቤት እየሠራሁ መስሎኝ ነበር» ይላል። ጠዋት ስብሰባ አለ። ከምሳ በፊት «አጭር መገምገሚያ» አለ፤ አጭርነቱ በስሙ ላይ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ የጠዋቱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ግንበኛው ሁለት ጊዜ አዛግቷል» የሚል ስለሰፈረ ግንበኛው ተቃውሞ አስመዘገበ፤ ሦስት ጊዜ ነበር ያዛጋው። አንድ ቀን ሲሚንቶና አሸዋውን ለውሶ በእጅ ጋሪ ላይ እንዳለ ተጠራ። ጋሼ ሰንጠረዥ በጊዜ አጠቃቀም ላይ ሰፊ ገለጻ ሰጡ። ሲመለስ ልውሱ ጋሪው ላይ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ግንበኛው በመዶሻ ሲያንኳኳው ደወል ይመስል ድምፅ ሰጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ የየትኛው ረድፍ ነው?»

«ብክነት» አሉ ጋሼ፣ አዲስ ረድፍ እያሰመሩ። «ባለቤቱ ማነው?»

እሳቸው እንደሆኑ ወደ ክፍሉ ውስጥ አይገቡም። አቧራ ያስላቸዋል። በሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ ትልቅ ላስቲክ ጋርዳለች፤ ጋሼ ከላስቲኩ ወዲህ ቆመው ሰንጠረዡን ብቻ ይከታተላሉ። «ክፍሉንም ቢያዩት አይከፋም እኮ» ብትላቸው፣ «ዓይን ይሳሳታል፤ ሰንጠረዥ አይሳሳትም» ብለው መለሱላት።

ሆስፒታልም ቢሆን እንዲያው ነው። በየቀኑ ይሄዳሉ፤ አይቀሩም። እናታቸው አልጋ ግርጌ ቆመው፣ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው፣ የሥራውን ደረጃ ያነባሉ።

«እሺ ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በል» ይላሉ እናት።

«ሁለት ነጥብ ቀርቶኛል እማዬ።»

ሁለቱን ነጥብ አንብበው ይወጣሉ። እናት ልብስ ሰፊዋን ያዩና፣ «ይሄ ልጅ ጡረታ ወጣ አላላችሁኝም ነበር?» ይላሉ።

ነገሩ ዞሮ ዞሮ የግንበኛውን አንጀት አሳረረው። አንድ ቀን ከስብሰባ ሲወጡ ቧንቧ ሠራተኛውን በክንዱ ያዘና ልብስ ሰፊዋም ባለችበት ምስጢሩን አወጣ።

«እኔ ሰውየውን አጥንቻቸዋለሁ። ነጭ ሣጥን ሲያዩ ያማቸዋል። ቢጫ ሲያዩ ይጠይቃሉ። ቀይ ሲያዩ ስብሰባ ይጠራሉ። አረንጓዴ ሲያዩ ግን ሻይ ይጠጣሉ።»

«እና?» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«እናማ ሻይ ይጠጡ።»

የዚያን ቀን ከሰዓት «ግድግዳ ማፍረስ» አረንጓዴ ሆነ። ይህስ እውነት ነበር፤ ፈርሷል። ማግስቱን «የፍሳሽ መስመር» አረንጓዴ ሆነ። ይህ እንኳ በከፊል እውነት ነበር፤ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ቧንቧው አልገባም። ሹፌሩ «ሴራሚክና መደገፊያ ብረት መግዛት» የሚለውን ከመኪናው እንኳ በወጉ ሳይወርድ፣ አንድ እግሩ ውጪ ሆኖ ቀባው። «ነገ መግዛቴ አይቀርም፤ ምን ያካብደዋል» አለ። ልብስ ሰፊዋም ብትሆን ጻድቅ አይደለችም። ለደንበኛ የሚደርስ የሠርግ ቀሚስ ይዛ ስለነበር መኪናዋን ከክፍሉ አላወጣችም። ዳሩ ግን ጋሼ ጠዋት መጥተው «ለምን ዘገየ?» ብለው ወንበር ስበው ከሚቀመጡባት አንዲት ሣጥን ብትቀባ ማንን ትጎዳለች? አረንጓዴውን እርሳስ አነሳችና፣ ዓይኗን ወደ ሌላ አዙራ፣ ቀባች።

ሰላም ወረደ። ስብሰባ የለም፣ መገምገሚያ የለም። ካርቶኑ ከዝናብ በኋላ እንዳለ መስክ ለመለመ። ከላስቲኩ ወዲያ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ሥራው የሚሄደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ማለትም አይሄድም።

አንድ ረቡዕ ጋሼ ሰንጠረዥ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሰንጠረዡን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ፣» አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ ሰለል ብሎ፣ «እንዲህ በጊዜው ያለቀ ሥራ አይቼ አላውቅም። ለካ ከእናንተ ጋር ነበር መሥራት የነበረብኝ።»

ግንበኛው ጣራውን አየ። ልብስ ሰፊዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። ጋሼ ግን ስልካቸውን ካወጡ ቆይተዋል። «ዶክተር፣ ደህና ዋልሽ? የእናቴ ክፍል መቶ በመቶ ተጠናቋል። አዎ። አዎ፣ ብረቱም ጭምር። ሰነዱ እዚሁ ፊቴ ነው።» አዳመጡ፤ ፈገግ አሉ፤ ስልኩን ዘጉ። «አርብ ትወጣለች። አልጋውንም ለሌላ ታማሚ ሰጥተዋል።»

ከዚያ ደስታ ስላጣደፋቸው፣ ሳሉን ከምንም ሳይቆጥሩ፣ የርክክብ ሰነድ ለማስፈረም ላስቲኩን ገልጠው ገቡ።

ወለሉ አፈር ነው። ጥጉ ላይ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። የልብስ ስፌት መኪናው የአሸዋ ቁልል አጠገብ ሻሽ ተከናንቦ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። አዲሱ የሽንት ቤት መቀመጫ ከነካርቶኑ መሃል ላይ አለ፤ ካርቶኑ ላይ ቧንቧ ሠራተኛው ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

ጋሼ ሰንጠረዥ አላሳሉም። ዙሪያውን ቀስ ብለው አዩ።

«ይሄ...» አሉ፣ «ይሄ የትኛው ክፍል ነው?»

ቧንቧ ሠራተኛው የጎረሰው አልዋጥ አለው። «ያው... ያው እሱ ነው ጋሼ።»

ጋሼ ዞረው ልብስ ሰፊዋን ተመለከቱ። «አንቺም ቀባሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ምንኛ በወደደች። «ቀባሁ ጋሼ።»

ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ቃለ ጉባኤ ቢይዙባትም ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን ወደ ኮሪደሩ ወጡና ስፒሎቹን ከካርቶኑ ላይ አንድ በአንድ ነቀሉ፤ አንድ በአንድ ወደ መርፌ ትራሷ መልሰው ሰኩ። ካርቶኑን ጠቀለሉ። ክፍሉን ለማየት አንድም ጊዜ ዞር ሳይሉ ወጥተው ሄዱ። ማስመሪያቸውን እንኳ ረሱ፤ እርሳሶቹም ከነክራቸው ምስማር ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም በጊዜ ተገኘ። ጥፋተኛ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ያን ጠዋት ሊያይ ይገባው ነበር። ስብሰባ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። ልብስ ሰፊዋም መኪናዋን እየጎተተች አወጣች። ሲሠራማ ምን ሊሳካ! ግንበኛው በእልህ ወለሉን ደፍኖ ሲያስተካክል፣ ቧንቧ ሠራተኛው ከመደብር ቧንቧ ይዞ መጣ።

«ቆይ፣ የእኔ ጉድጓድ የታለ?»

«ደፈንኩት።»

«ምን ቢነካህ ነው የደፈንከው? ቧንቧው ገና ነው እኮ!»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«ስብሰባ መቼ ነበረና ልንገርህ!»

ይህን ሲባባሉ ሹፌሩ ከነመኪናው ደረሰ። እንዳቅሙ ተሯሩጧል፤ ፊቱ ላይ ኩራት አለ። የኋላውን ሲከፍተው አሸዋ ነው። አሸዋ ግን ቀድሞም ሞልቶ ነበር። አራግፎ ሲጨርስ በሩ በአሸዋ ተዘጋ።

«ሴራሚኩስ? ብረቱስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሴራሚክ ከፊት ወንበር ላይ አለ። ብረቱን ግንበኛው ያመጣል ብዬ ነዋ።»

«እኔ?» አለ ግንበኛው። «እኔ ቧንቧ ሠራተኛው መስሎኝ።»

ሁሉም ዞረው ወደ ኮሪደሩ ግድግዳ ተመለከቱ። ግድግዳው ባዶ ነው። ካርቶኑ የነበረበት ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው ነጭ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል።

ነገ አርብ ነው። እናት ማምሻውን ለነርሷ «ነገ ቤቴ ነኝ» እያሉ ሲያወሩ ልብስ ሰፊዋ በዓይነ ኅሊናዋ ታያቸው። ከከተማ ውጪ ወዳለው ማገገሚያ በመኪና ሲወሰዱም ታያት። ለጋሼ ደወለች፤ አያነሱም። ደግማ ደወለች፤ አያነሱም።

ስልኩን አስቀመጠችና ከሽርጧ ኪስ ውስጥ ጨርቅ የምታሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ አወጣች። የተረሳውን ማስመሪያ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሳች። ነጩ አራት ማዕዘን ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ መስመር ማስመር ጀመረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ዝም በል። ጉድጓዱን ከፍቶ ቧንቧ ማስገባት። ባለቤቱ ማነው?»

ግንበኛው ሳቅ አፈነው። «ኧረ እትዬ፣ አንቺም ያዘሽ?»

«ባለቤቱ ማነው አልኩ!»

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» አለ ቧንቧ ሠራተኛው እጁን አውጥቶ፣ ተማሪ ቤት እንዳለ ልጅ።

እየጻፈች ወረደች። ብረት፤ ሹፌሩ፣ አሁኑኑ። አሸዋውን ከበር ማንሳት፤ ያው ሹፌሩ፣ ከአሁኑኑ በፊት። ወደ ታች ስትደርስ ግን ጠመኔው ቆመ።

አንድ ሌላ ሰንጠረዥ ትዝ አላት። አባታቸው የሞቱ ሰሞን ነው። እናታቸው ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡበት፣ ቤቱ የልጆች ብቻ የነበረበት ጊዜ። ትልቁ ወንድም፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣ የሳሙና ካርቶን ቀደደና በከሰል መስመር አሰመረበት። ውሃ መቅዳት፤ እሱ። ቤት መጥረግ፤ የአሁኑ ሹፌር። ሳህን ማጠብ፤ በየተራ። ለእሷ፣ ለትንሿ፣ ማንበብ እንኳ ለማትችለው፣ ሙሉ ረድፍ ሰጣት። «መጫወት» ይላል። ሹፌሩ ሊልካት በፈለገ ቁጥር፣ ጎረቤት «ያችን ልጅ ላኩልን» ባለ ቁጥር፣ ትልቁ ወንድም ጣቱን ወደ ካርቶኑ ይቀስራል። «ሥራ ላይ ናት፤ አትላኳት። በሰንጠረዡ ላይ አለ።» ጎረቤት ይስቃል፤ እሷ ግን ግቢው ውስጥ እስኪመሽ ትጫወታለች። በራሱ ረድፍ ላይ መጫወት የሚል አልነበረም። ያኔ ይህን አላስተዋለችም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። የመጨረሻውን ረድፍ ጻፈች።

ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ጋሼ ሰንጠረዥ በአሸዋው ክምር ላይ እየተንገዳገዱ መጡ። ኮታቸው ተቆልፏል፣ ፊታቸውም እንዲሁ።

«ማስመሪያዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ።

ማስመሪያው ልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ ነው። ግድግዳው ከኋላዋ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ግንበኛው ሥራውን አቁሞ በላስቲኩ ቀዳዳ አጮለቀ። ጋሼ ግድግዳውን ከላይ ጀምረው ማንበብ ያዙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ርዕስ የለውም» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ጋሼ።»

«ቀንም አልጻፍሽበትም። ሴራሚኩን ደግሞ ከውሃ ፍተሻው አስቀድመሻል። ቧንቧው ቢያፈስ ሴራሚኩን ልትነቅሉት ነው? ስጪኝ።» ጠመኔውን ተቀብለው በቀስት ቦታ ለቦታ አዘዋወሩት። ከላስቲኩ ወዲያ ግንበኛው ለቧንቧ ሠራተኛው «እሰይ፣ መጡልን» ሲለው ተሰማ። ጋሼ እየወረዱ፣ እያረሙ፣ ወደ ግርጌው ረድፍ ደረሱ። እዚያ ጠመኔው በልብስ ሰፊዋ እጅ እንደቆመው ሁሉ ቆመ።

ረድፉ እንዲህ ይላል፦ «እማዬ ጋ መቀመጥ። በማን፦ ጋሼ። መቼ፦ ከአሁን ጀምሮ። በምን፦ በወንበር።»

«ክትትሉስ?» አሉ።

«ክትትሉን እኔ እይዘዋለሁ።»

«ይሄ...» ጣታቸውን ወደ ረድፉ ቀሰሩ። «ይሄ ሥራ ነው እንዴ?»

«በሰንጠረዡ ላይ አለ ጋሼ።»

ጋሼ ሰንጠረዥ ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። አቧራ ነው አሉ። ከዚያ ጠመኔውንም ማስመሪያውንም መልሰው ሰጧት፤ ማስመሪያቸውን ለሰው ሲሰጡ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ማታ ልብስ ሰፊዋ ወደ ጋሼ ስልክ ስትደውል እናት ናቸው ያነሱት፤ «ቀስ ብለሽ አውሪ፤ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል» አሉ።

አርብ ከሰዓት ሹፌሩ እናትን ይዞ መጣ። በግራ ልብስ ሰፊዋ፣ በቀኝ ጋሼ ደግፈዋቸው፣ በጠረጉት በር ገቡ። ክፍሉ ገና የሲሚንቶ ሽታ አለው። አንድ ጥግ ላይ ሴራሚኩ ትንሽ ዞር ብሏል፤ ግንበኛው የቆመው ልክ እሱ ላይ ነው። ውሃው ይወርዳል፣ ብረቱ ግድግዳው ላይ ነው፣ አይነቃነቅም። እናት ኮሪደሩ ላይ ቆም ብለው የጠመኔውን ሰንጠረዥ አዩ። ሣጥኖቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፤ በዚህኛው ጊዜ እያንዳንዱን ልብስ ሰፊዋ ሥራውን በእጇ ነክታ ነው የቀባችው። የግርጌው ብቻ ነጭ ነው።

«ይሄኛው ምን ይላል?»

ልብስ ሰፊዋ አነበበችላቸው። ጋሼ ሰንጠረዥ ክሩን ሳብ አድርገው አረንጓዴውን እርሳስ ያዙ። «ይህም በሚገባ ተከናውኗል» አሉ፣ ወደ ሣጥኑ እየተጠጉ። «ሌሊቱን ሙሉ...»

«ማን አለቀ አለህ?» አሉ እናት።

የጋሼ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ አረንጓዴውን ቀስ ብለው ለቀቁትና ቢጫውን አነሱ። ሣጥኑን ከመስመር ሳያወጡ፣ በጥንቃቄ ቀቡት። ገብተው እናታቸውን አልጋ ላይ አስተካክለው ካስቀመጡ በኋላ ወንበር ሳቡ፤ ተቀመጡም። ከኪሳቸው ወረቀት አላወጡም።

ጥቂት ቆይቶ የግንበኛው ድምፅ ከግቢ መጣ። «ጋሼ! ጋሼ ሰንጠረዥ! ይቺን የተረፈች አሸዋ የት እናድርጋት? ረድፍ የላትም እኮ!»

ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ብቅ አለች። ጣቷን ወደ ኮሪደሩ ግድግዳ ቀሰረች።

«ሥራ ላይ ናቸው» አለችው። «አትጥራቸው።»